ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የፍቅርና አገልግሎት ማኅበር

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ቁልቁል ወደ ምዕራብ የሚወርደው የጥንት የነጋዴ መንገድ የቆላውን ሐሩር አቋርጦ መተማ ይደርሳል። ከመተማ ማዶ ጋላባት አለ። ከጋላባት በኋላ መንገዱ በጥቁሩ ሜዳ ላይ እየተዘረጋ ወደ ገዳሪፍ ይሄድና ከዚያ ወደ ከሰላና ወደ ሰናር ይከፈላል። በዚህ መንገድ ለብዙ ዘመን ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ተጓጉዟል። ከነዚህም ጋር ሰው እንደ ዕቃ ተጓጉዟል። በባሪያ ፈንጋዮች እጅ የወደቁ ሕፃናትና ወጣቶች ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ በእግራቸው እየተነዱ መተማ ገበያ ይቀርቡ ነበር። ከዚያም ገሚሶቹ በሱዳን ይቀራሉ፤ ገሚሶቹ በሱዋኪን ወደብ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግረው ዐረብ አገር ይሸጣሉ። እንግሊዛዊው አገር ጎብኚ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 ጋላባት በደረሰ ጊዜ ይህን ገበያ በዓይኑ አይቶ ስለ ተሸጡት ልጃገረዶች በመጽሐፉ ጽፏል።

የተሸጠ ሰው ቤተሰቡንና አገሩን ካጣ በኋላ ስሙንም ያጣል። የገዛው ጌታ ደስ ያለውን አዲስ ስም ያወጣለታል። ልጁም ሕፃን ከሆነ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ እናቱ ምን ብላ ትጠራው እንደ ነበር ይረሳል። ቋንቋውንም እንዲሁ ይረሳል። ከዚህ በኋላ ወደ ትውልድ ስፍራው የሚመልሰው መንገድ ቢከፈትለት እንኳ ማንን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በባርነት የተሸጡ ሰው አይደሉም። ይሁን እንጂ ስምን፣ ወላጅንና ቋንቋን በልጅነት ማጣት ምን እንደ ሆነ በራሳቸው ሕይወት ያወቁ ሰው ነበሩ። በኋለኛው ዕድሜያቸው ከባርነት ለወጡ ወገኖች መርጃ የሚሆን ማኅበር ሲያቋቁሙ ያ የልጅነት ታሪካቸው ከልባቸው አልጠፋም ብሎ መገመት ስሕተት አይሆንም።

ወርቅነህ በ1850ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በጎንደር ከተማ ተወለደ። ጊዜው የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ወደ ማብቂያው የተቃረበበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን በማሰራቸው ምክንያት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ፣ አብዛኞቹ ወታደሮቹ ሕንዳውያን የሆኑ ጦር በዙላ በኩል ገብቶ እስከ መቅደላ ዘለቀ። የወርቅነህ ቤተሰብም በዚያን ጊዜ ከንጉሡ ሕዝብ ጋር መቅደላ ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ምሽጉ ተሰብሮ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ በአምባው ላይ ታላቅ ግርግር ሆነ። በዚያ ግርግር መካከል የሦስት ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለይቶ ቀረ። ወታደሮቹ አገኙት። ኮሎኔል ቻምበርሌይን የተባለ መኰንንም ልጁን ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ።

ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን እርሱ ብቻ አልነበረም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ጦር ተወስዶ እንግሊዝ አገር ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ታስብለት የነበረው ይህ ልዑል እ.ኤ.አ. በ1879 ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ታሞ ሞተ፤ ዊንድሰርም ተቀበረ። የልዑሉን ዕጣ ሁሉም ያውቀዋል። ማንም ያላወቀው ሌላው ሕፃን ግን በሕንድ አገር እያደገ ነበር።

ቻምበርሌይን ብዙ ሳይቆይ ስለ ሞተ የልጁ ማሳደጊያ በሌላ መኰንን፣ በኮሎኔል ማርቲን ላይ ወደቀ። ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ማርቲን የትምህርቱን ወጪ እየከፈለለት በራዋልፒንዲና በአምሪትሳር በሚገኙ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተማረ። አማርኛውን ረሳ። እንግሊዝኛና የሕንድ ቋንቋ የአፍ መፍቻ ያህል ሆኑለት። የወላጆቹንም ሆነ የራሱን ስም አያስታውስም፤ ሐበሻ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር። ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ከፍተኛ የሕክምና ትምህርቱን አጠናቀቀና በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በነበረችው በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ።

እርሱ በሩቅ አገር ሳለ የትውልድ ከተማው ጎንደር ከባድ መከራ ደረሰባት። በሱዳን የተነሣው የመሐዲስቶች መንግሥትና ኢትዮጵያ በድንበሩ ላይ ይዋጉ ነበር። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋላባትን አቃጥለው ተመለሱ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ አቡ አንጃ የተባለው የደርቡሽ አዛዥ ከጋላባት ተነሥቶ የንጉሡን ጦር ሳር ውሃ ላይ ድል ካደረገ በኋላ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ብዙ ሰውም ማርኮ በዚያው በጥንቱ የነጋዴ መንገድ ወደ ሱዳን ነዳ። የተማረኩት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ አብዛኞቹም አልተመለሱም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ድንበሩን ወዲያና ወዲህ የሚሻገሩት ጦረኞች በሃይማኖት የተለያዩ ቢሆኑም ምርኮኛን በባርነት በመውሰድ ረገድ አንዱ ከሌላው የሚሻል አልነበረም። የጎንደር ልጆች ኦምዱርማን ባሪያ ሆነው ሲያድሩ ከመተማ ማዶ የተማረኩትም በደጋው ሰው ቤት እንጨት ይለቅሙ፣ ውሃ ይቀዱ ነበር።

በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ዜና በዓለም ጋዜጦች ሲነገር ቻርልስ ማርቲን በርማ ሆኖ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩን ሳያይ ላለመቅረት ቈረጠ። ከሥራው ፈቃድ ወስዶ በኤደንና በዘይላ በኩል ሐረር ገባ፤ ከሐረርም ተጉዞ በ1891 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ደረሰና ከዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረበ። ጥቁር መልክ ያለው፣ የፈረንጅ ልብስ የለበሰ፣ አማርኛ የማይሰማ ሐኪም መጣ የሚለው ወሬ በከተማው ተሰማ። ከመቅደላ ሕፃን ሆኖ የተወሰደ ነው የሚለውም ተጨመረበት። ይህን ወሬ ከሰሙት መካከል በመቅደላ ሕፃን የጠፋባቸው ቤተሰቦች ይገኙ ነበር።

አያቱ በሕይወት ነበሩ። ወደ ሐኪሙ ድንኳን መጥተው በሰውነቱ ላይ የነበሩትን የልጅነት ጠባሳዎች ፈልገው አገኙ። በእነዚህ ጠባሳዎች ምክንያት ልጃቸው መሆኑ ተረጋገጠ። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ስሙ ወርቅነህ፣ የአባቱም ስም እሸቴ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ተረዳ። አያቱ የሚናገሩትን ግን በአስተርጓሚ ካልሆነ በቀር ሊሰማ አልቻለም።

ሐኪም ወርቅነህ አዲስ አበባ እንደ ደረሱ ድንኳን ተክለው የመጣውን ሕመምተኛ ሁሉ ማከም ጀመሩ። በዚያን ዘመን በአገሪቱ ዘመናዊ ሕክምና የሚያውቁ ሰዎች በጣት የሚቈጠሩ የውጭ አገር ተወላጆች ነበሩ፤ ከኢትዮጵያ ተወላጆች በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ማንም አልቀጠራቸውም። ወደ ድንኳኑ የሚመጣው ድኻ የሚከፍለው አልነበረውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። አማርኛም ከዚያው ከሕመምተኞቻቸው አፍ እየለቀሙ ተማሩ።

የፈቃዳቸው ጊዜ ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ለሃያ ዓመት ያህል በሁለት አገር የተከፈለ ሆነ። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ በዚህም ጊዜ በሕመም የተያዙትን ዐፄ ምኒልክን ከጎበኙት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። እንደገና በርማ ሄደው የአገልግሎት ዘመናቸውን ከጨረሱና ጡረታቸውን ካስከበሩ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ለዘለቄታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜ ዕረፍት ይሻል።

እሳቸው ግን አብዛኛውን ሥራቸውን የሠሩት ከዚህ በኋላ ነው። የፍል ውሃን መታጠቢያ አስተዳደሩ። መንገድ በማሠራት ሥራ ተሰማሩ። የውጭ አገር ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር የሚከራከሩበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት ተቆጣጠሩ። ተማሪዎች ዓለምን በቋንቋቸው እንዲያውቁ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጁ። በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለ ታሰበው ግድብ ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ይህ ጉዳይ ቀላል አልነበረም፤ እንግሊዝ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው የድንበር ውል የተነሣ በዓባይ ውሃ ላይ ዓይኗን ጥላ፣ ውሃው ለሱዳን የጥጥ እርሻ እንዳይጎድልባት ትጠባበቅ ነበርና። ኒው ዮርክ ሳሉም ሃርለም ከሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው የተማሩት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። እነዚህ ሰዎች በባርነት የተሸጡ አፍሪካውያን የልጅ ልጆች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

የባርነት ነገር በዚያን ጊዜ ለኢትዮጵያ የውስጥ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ኢትዮጵያ በ1915 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን ባመለከተች ጊዜ ዋናው መከራከሪያ ባርነት ሆነ። እንግሊዝ ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ ገዳሪፍንና አካባቢዋን ይዛ ሱዳንን ስለምታስተዳድር በድንበሩ ላይ ስለሚደረገው የባሪያ ፍንገላ ብዙ ክስ ትሰበስብና ታሳትም ነበር። በእርግጥ ከክሱ ጀርባ የቅኝ ገዢነት ጥቅም አልጠፋም። ይሁን እንጂ ክሱ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ፈንጋዩም፣ ሻጩም፣ ገዢውም ነበሩ። አገሪቱ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የማኅበሩ አባል ሆነች። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን ባሮች ደረጃ በደረጃ ነፃ እንዲወጡ የሚያደርግ ዐዋጅ ወጣ። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ሕጉ ተጠናከረ። የባሪያን ጉዳይ የሚመለከቱ ዳኞች ተሾሙ፤ ነፃ ለወጣውም ሰው የነፃነት ወረቀት ይሰጠው ጀመር።

ነገር ግን ወረቀቱን የያዘው ሰው ከዳኛው ፊት ወጥቶ ወዴት ይሂድ? መሬት የለውም። ዘመድ የለውም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጌታው ቤት ከመላላክና ከመፍጨት በቀር የተማረው ሙያ የለም። የተወለደበት አገር የመቶ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ስሙም ተለውጦ፣ ማን እንደ ወለደው እንኳ አያውቅም። ብዙዎቹ ወረቀታቸውን በጨርቅ ቋጥረው ወደዚያው ወደ ቀድሞው ጌታቸው ቤት ይመለሱ ነበር፤ የሚበላ እዚያ አለና። ዕድለ ቢስ የሆኑት ደግሞ በመንገድ ላይ በሌላ ፈንጋይ እጅ ይወድቃሉ። ሕጉ ያልደረሰበትን ይህን ጉድለት ሐኪም ወርቅነህ በሚገባ ተረዱት።

በ1920ዎቹ ዓመታት ውስጥም ፍቅርና አገልግሎት የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ዋና ዓላማ ከባርነት ነፃ የወጡትን መርዳትና ልጆቻቸውን ማስተማር፣ ባርነትም ከአገሪቱ እንዲጠፋ መሥራት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ነፃ ለወጡ ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤት ከሐኪም ወርቅነህ ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ልጆቹ ፊደል ይቈጥሩ፣ እጃቸውም ሥራ ይለምድ ነበር።

ይህ ማኅበር ለዘመኑ እንግዳ ነገር እንደ ነበር ለመረዳት የኢትዮጵያን ሕዝብ የኑሮ ልማድ ማጤን ያስፈልጋል። ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ማኅበር ያውቃል። ጽዋ ይጠጣል፤ ሰንበቴ ያወጣል፤ በደቦ ያርሳል፤ በወንፈል ያጭዳል፤ በከተማም ዕቁብ ይጥላል፣ በእድር ይቀበራል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አባሉ የሚሰጠው ነገ ተራው ሲደርስ ስለሚቀበል ነው። ለማያውቁት፣ ዘመድ ለሌለው፣ ብድሩን ሊመልስ ለማይችል ሰው ተብሎ በፈቃድ የሚቋቋም ማኅበር ግን በብዛት አይታይም ነበር። ምጽዋት ነበረ፤ ሆኖም ምጽዋት ሰጪው ለነፍሱ ብሎ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚጥለው ነገር ነው እንጂ የተቀባዩን ኑሮ የሚለውጥ አልነበረም። የፍቅርና አገልግሎት ማኅበር የተነሣው እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ የማኅበርን ቋሚነትና የምጽዋትን ልግስና፣ አዋሕዶ ነው። ስሙም ቢሆን በጥሞና የተመረጠ ይመስላል። ፍቅር የሚለውን ቃል ብቻውን ቢይዝ ኖሮ ከስብከት አያልፍም ነበር።

ይህ ሥራ ተቃዋሚ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ባሪያ በዚያን ጊዜ ሀብት ነበር። መኳንንቱና ባላባቱ የሚከበሩት፣ ማዕዳቸው የሚሰፋው፣ ጓዛቸው የሚጫነው በባሪያ ጉልበት ነው። ይባስ ብሎ በየቤቱ ያለው የድኻ ወታደር ሚስት ሳትቀር አንዲት ገረድ መግዛት ታስብ ነበር። የተማሩት ጥቂት ወጣቶች ነገሩን ቢጸየፉትም ከገዛ አባቶቻቸው ቤት ባሪያ አልታጣም። በሐኪም ወርቅነህ ላይ ይሰነዘር የነበረው ነቀፌታ ደግሞ የሚያቈስል ነበር፤ በፈረንጅ እጅ አድጎ የፈረንጅ አሳብ አመጣ የሚሉ ሰዎች አልጠፉም። በእርግጥም እሳቸው አማርኛን አቀላጥፈው እስኪናገሩ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ጠባያቸውም ቁጡ፣ በሰዓት የሚሠሩና ስንፍናን የማይታገሡ እንደ ነበሩ ይነገራል።

በ1924 ዓ.ም. ከለንደን የፀረ ባርነት ማኅበር የተላኩት ሎርድ ኖኤል በክስተንና ሎርድ ፖልዋርዝ አዲስ አበባ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለ ባርነት ማጥፊያው ዘመን ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት የባርነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የውጭ አገር ሰዎች ይህን ለመመርመር ሲመጡ በአገር ተወላጆች ፈቃድ የተቋቋመ ማኅበር አስቀድሞ ሥራ ላይ መገኘቱ ለኢትዮጵያ ትልቅ መከራከሪያ ሆነ። ከውጭ መንግሥታት ግፊት ብቻ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ወርቅነህና ጓደኞቻቸው የራሳቸውን ጊዜና ገንዘብ ባላፈሰሱበት ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ በዚህ መካከል የአዛዥነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የጨርጨር አውራጃ ገዢ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸው አስበ ተፈሪ ነበር። ጨርጨር ለሌሎቹ አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን የታቀደ ስለ ነበር ሹማምንቱ በደመወዝ እንዲተዳደሩ፣ ገበሬውም በዘፈቀደ ከሚጣልበት ግብርና የጉልበት ሥራ እንዲያርፍ ጥረት ተደርጓል። መንገድ ተሠራ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቀድሞ በድንኳን ያክሙ የነበሩት ሽማግሌ አሁን ደግሞ የፍርድ መዝገብ ሲያገላብጡና የመንገድ ሠራተኛ ሲቆጣጠሩ ይውሉ ነበር።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ አዛዥ ወርቅነህ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለንደን ተላኩ። እዚያም የጠበቃቸው ያው የባርነት ነገር ነበር። የሙሶሊኒ መንግሥት በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መጨረሻ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበው ረጅም የክስ ጽሑፍ ኢትዮጵያ ባርነትን ያላጠፋች ስለ ሆነች ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር ልትቈጠር አይገባትም ሲል ተከራከረ። ጦር ይዞ የሚመጣውም ነፃ አውጪ ለመሆን እንደ ሆነ አስመሰለ። ይህን ክስ ለመመለስ ስለ ባርነት ያለ ሐፍረት ሊናገር የሚችል ሰው ያስፈልግ ነበር። አዛዥ ወርቅነህ ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ደርሶ ሳለ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ እየዞሩ ተናገሩ፤ ለቀይ መስቀልና ለቈሰሉት ወታደሮች መርጃ ገንዘብ ለመኑ። ለሰላምና ለፍትሕ ከሚቈረቈሩት እንግሊዞች ጋርም ተባበሩ፤ ከእነርሱም አንዷ ለኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ በ1928 ዓ.ም. የመሠረተችው ሲልቪያ ፓንክረስት ነበረች።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። በግንቦት 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ስደተኛ ሆነው ለንደን ሲገቡ አዛዥ ወርቅነህ ከተቀባዮቹ አንዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም አገር ቤት ነበሩ። እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት እነዚህ ወጣቶች የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ሆነው በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጠላት ጋር ተዋጉ። በኋላ ተይዘው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ በተነሣው ጭፍጨፋ ተገደሉ። አባትየው መርዶውን የሰሙት በባዕድ አገር ነው። አንድ ጊዜ በጦርነት ምክንያት ወላጆቻቸውን ያጡት ሰው አሁን ደግሞ በጦርነት ምክንያት ልጆቻቸውን አጡ።

አዛዥ ወርቅነህ ከዚያ በኋላ ወደ ሕንድ፣ ወዳደጉበት አገር ሄዱ። የሚያስገርመው ነገር በዚህ የስደት ዘመን ከሕንድ የተነሡ ወታደሮች በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ኢትዮጵያ መምጣታቸው ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከገዳሪፍ አቅጣጫ የመጣው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ በጋላባትና በመተማ ላይ ባለው የጣሊያን ምሽግ ላይ አደጋ ጣለ። በዚያን ጊዜ ገዳሪፍና አካባቢዋ ድንበር አቋርጠው የሸሹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መጠጊያ፣ ለአርበኞችም መሣሪያና መልእክት የሚሻገርባት በር ሆና ነበር። ቀድሞ ምርኮኛው በገመድ ታስሮ በነዳበት መንገድ ስደተኛው ነፃነቱን ፍለጋ በገዛ እግሩ ተመላለሰበት። የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ የነበረችው ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ወጣች።

ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር ዐዋጅ ታወጀ። ከ1916ቱ ዐዋጅ የሚለየው ዘመን ሳይሰጥ፣ ደረጃ ሳያበጅ፣ ባሪያ መያዝን በአንድ ጊዜ ወንጀል ማድረጉ ነው። አዛዥ ወርቅነህም ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የፍቅርና አገልግሎት ማኅበር በወረራው ዘመን ተበትኖ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ የወጡት ልጆችም አድገው በየፊናቸው ተሰማርተው ነበር። ከእነርሱ ስንቶቹ የእናታቸውን ስም እንዳገኙ የሚነግረን መዝገብ የለም።

አዛዥ ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አረፉ። በሕይወታቸው ሳሉ የየዕለቱን ውሎ በማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ እነዚህም ማስታወሻዎች በቤተሰቦቻቸው እጅ ተጠብቀው ከቆዩ በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች ተጠቅመውባቸዋል። የሕመምተኛው ብዛት፣ የመንገዱ ሥራ፣ የትምህርት ቤቱ ወጪ፣ የልጆቻቸው ልደትና ሞት በዚያ ሰፍሯል። የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው።